ለአክስታቸው የሚጽፉት ፕሮፌሰር

እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1976 በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ላቋቋመው የወንጀል ጥናት ማዕከል የምሥረታ ንግግር እንዲያደርጉለት የጋበዘው ኒልስ ክሪስቲ የተባሉትን፣ ከኖርዌይ ዋና ከተማ ከኦስሎ የመጡትን ፕሮፌሰር ነበር። እንግዳው ንግግራቸውን የጀመሩት ምናልባት ክሪሚኖሎጂ የሚባለው የወንጀል ጥናት ሙያ ጭራሹን ባይኖር ሳይሻል እንደማይቀር፣ እንዲህ ያሉ ተቋማትንም ከመክፈት መዝጋቱ ሳይበጅ እንደማይቀር በመናገር ነው። ሠርግ የተጠራ ሽማግሌ «ልጄ፣ ባታገባ ይሻልህ ነበር» ብሎ ምርቃቱን እንደመጀመር ማለት ነው። ንግግሩ በዓመቱ በአንድ የብሪታኒያ የክሪሚኖሎጂ መጽሔት ላይ ታተመ። ግጭትን እንደ ንብረት የሚቆጥረው ይህ ጽሑፍ፣ ከቅጣት ይልቅ እርቅንና ካሳን ስለሚያስቀድም ፍትሕ የሚጽፉ ሰዎች እስከ ዛሬ ሳይጠቅሱት የማያልፉት ሆኖ ቀርቷል።

እኔ ያገኘሁት የሕግ ተማሪ ሳለሁ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ግማሹ ፊደል የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ሆኖ ነው። ተጨማሪ ንባብ ተብሎ ከተሰጠን ክምር ውስጥ ነበር፤ ተጨማሪ ንባብ ደግሞ ለፈተና እንደማይመጣ ሁሉም ያውቃል። እኔን ያስቆመኝ ጽሑፉ የሚነሣበት ታሪክ ከኖርዌይ ሳይሆን ከታንዛኒያ መሆኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰውየውን ሥራዎች እያፈላለግሁ ሳነብ፣ ከስድሳ ዓመት በላይ በዘለቀ የምርምር ሕይወታቸው በመሠረቱ ያጠኑት አንድ ጥያቄ ብቻ እንደነበር እያመንኩ መጥቻለሁ። በቅርብ በምናውቀው ሰው ላይና በሩቁ ብቻ በምናየው ሰው ላይ ለማድረስ የምንደፍረው ሥቃይ ለምን ይለያያል? የመልሱንም ጫፍ የያዙት በሸመገሉ ጊዜ ሳይሆን ገና ተማሪ ሳሉ ነው።

ክሪስቲ የተወለዱት በ1928 ኦስሎ ውስጥ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ጀርመን ኖርዌይን ስትወር የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ 17 ሞልቷቸዋል። ኖርዌይ ከወራሪው ጋር ያበሩትን ዜጎቿን ለፍርድ ማቅረብ ስትጀምር፣ ብዙዎች ሊሰሙት የማይሹት አንድ ታሪክ ብቅ አለ። በ1942 ከዩጎዝላቪያ የተጋዙ፣ አብዛኞቹ ሰርቦች የሆኑ እስረኞች ወደ ሰሜን ኖርዌይ መጥተው መንገድ እንዲሠሩ በካምፖች ታጉረው ነበር። ካምፖቹን የሚያዝዙት ጀርመኖች ይሁኑ እንጂ ከጠባቂዎቹ መካከል ወጣት ኖርዌያውያን ነበሩበት። እስረኞቹ በረሃብ፣ በብርድ፣ በዱላና በጥይት በብዛት አለቁ። ከኖርዌያውያኑ ጠባቂዎች አንዳንዶቹ ገድለዋል፣ አሠቃይተዋል፤ ሌሎቹ በዚያው ካምፕ፣ በዚያው ትእዛዝ ሥር ሆነው እጃቸውን ሰብስበዋል።

ወጣቱ የሶሺዮሎጂ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናታቸው ከሁለቱም ወገን ያሉትን ጠባቂዎች አነጋገሩ። ሁሉም የሚጠብቀው ገዳዮቹ በተፈጥሯቸው ጨካኞች ወይም ካስተዳደጋቸው የተበላሹ ሆነው እንዲገኙ ነበር። የተገኘው ግን ሌላ ነው። ያልገደሉት ጠባቂዎች በሆነ አጋጣሚ እስረኞቹን እንደ ሰው ያዩ ነበሩ። ከቋንቋቸው ጥቂት ቃላት የለመደ ነበር፤ እስረኛው ከኪሱ አውጥቶ የሚስቱንና የልጆቹን ፎቶግራፍ ያሳየውም ነበር። ለገዳዮቹ ግን እስረኞቹ ቆሻሻ፣ የሚሸቱ፣ ለቁራሽ ምግብ የሚናከሱ፣ ከባልካን የመጡ አውሬዎች ነበሩ። ያስራባቸውም ያቆሸሻቸውም ካምፑ ራሱ መሆኑ አልታያቸውም።

ይህችን የፎቶግራፍ ነገር ባነበብኩ ቁጥር አንድ ጥርጣሬ ያድርብኛል። እስረኛ የልጆቹን ፎቶ አውጥቶ የሚያሳየው ለማን ነው? ፊቱ ለራራለት ጠባቂ አይደለምን? እንግዲያስ ፎቶግራፉ ርኅራኄን ፈጠረ ከማለት ይልቅ ርኅራኄው ፎቶግራፉን ከኪስ አስወጣው ማለትም ይቻላል። አንድ ጠንቃቃ የስታቲስቲክስ መምህር ይህን ጥያቄ አንሥቶ ጥናቱን ሊያብጠለጥለው ይችላል። እኔ ግን ምክንያቱና ውጤቱ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄድ ግኝቱ የሚፈርስ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም በዚያች ቅጽበት፣ ፎቶግራፉ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ፣ ሁለቱም ሰዎች ካምፑ ከሰጣቸው ስም ወጥተው አባትና አባት፣ ወይም አባትና ገና ያልወለደ ጎረምሳ ሆነዋል። ከዚያ በኋላ ዱላ ማንሣት ቀላል አይደለም።

ጥናቱ በ1952 ተጠናቀቀ። የታዘዘ ተራ ሰው ምን ያህል ሌላውን እንደሚጎዳ የሚፈትኑት ዝነኞቹ የየል ዩኒቨርሲቲ ሙከራዎች የተጀመሩት በ1961 ስለሆነ፣ የኦስሎው ተማሪ ወደ አሥር ዓመት ያህል ቀድመዋል ማለት ነው። ነገር ግን ሁሉም ሰው ጀግና ወይም ሰለባ በነበረባት አዲሲቷ ኖርዌይ፣ «ከእኛም መካከል፣ በቦታው ቢሆን ኖሮ፣ ይህን የሚያደርግ ብዙ ነው» የሚል መልእክት ገበያ አልነበረውም። ጥናቱ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1972፣ ልክ ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ክሪስቲ ግን ከዚያች ጥናት ይዘውት የወጡትን እምነት አልለቀቁም፤ በሄዱበት ሁሉ፣ ብዙ ወንጀለኞችን እንዳነጋገሩ፣ አውሬ የሆነ ሰው ግን እንዳላጋጠማቸው ይናገሩ ነበር።

ስለ ማዕረጋቸው ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ1960 በወጣት ጥፋተኞች ላይ የዶክትሬት ጥናታቸውን አቀረቡ፤ በ1966 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በኖርዌይ የመጀመሪያው የክሪሚኖሎጂ ፕሮፌሰርም እርሳቸው ናቸው። በ2015 በ87 ዓመታቸው እስካረፉም ድረስ ከኦስሎ አልራቁም። ከቀደሙት ሥራዎቻቸው እኔ የምወደው በጎዳና ላይ ሰክረው ስለሚገኙ ድሆች የጻፉት ነው። በ1900 የወጣ አንድ ሕግ እነዚህን ሰዎች ወደ ግዳጅ ሥራ ለመላክ ይፈቅድ ነበር፤ ስሙ ቅጣት ሳይሆን እንክብካቤ ስለሆነ፣ ቆይታው ለእውነተኛ ወንጀል ከሚፈረደው እስራት ሊበልጥ ይችላል። ክሪስቲ ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ «ለራስህ ጥቅም ነው» የሚል ሥቃይ ልክ የለውም። የግዳጅ ሥራው በ1970 ተሻረ። የእኛን የአደገኛ ቦዘኔ መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ያነበበ ሰው ይህን ክርክር ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዙ አይቸገርም።

ወደ ሼፊልዱ ንግግር ልመለስ። ክሪስቲ አድማጮቻቸውን መጀመሪያ የወሰዷቸው በሰሜን ታንዛኒያ፣ በአሩሻ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ መንደር ነው። ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ለረጅም ጊዜ ታጭተው ሲኖሩ ወንዱ ሐሳቡን ቀይሮ የሰጠውን ሁሉ መልሱልኝ ይላል። ወርቁና ብሩ፣ ጥሬ ገንዘቡም በቀላሉ ይቆጠራል፤ የተለበሰ ልብስስ? ለጉድ ጉዱ የወጣው ወጪስ? ባለጉዳዮቹ መሐል ላይ ናቸው፤ ዘመድ ወዳጅ አጠገባቸው ነው፤ ከዳር ያለውም ሕዝብ ጥያቄ ይወረውራል፣ ያስታውሳል፣ ይቀልዳል። የአካባቢው የፓርቲ ጸሐፊዎች የሆኑት ሦስቱ ዳኞች ግን ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ የመንደሩን ነገር ከሁሉም ያነሰ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ሁሉ የጉዳዩ ሊቃውንት ናቸው። ጋዜጠኛ የለም፤ ወሬው የሚመለከተው ሁሉ እዚያው ተገኝቷል።

ይህን ያነበበ አማርኛ ተናጋሪ አይደነቅም፤ ሽማግሌ ተቀምጦ የጥሎሽ ክርክር ሲሰማ ያላየ ማን አለ? የሼፊልድ አድማጮች ግን ቀጥሎ የሰሙት ስለራሳቸው ነበር። የስካንዲኔቪያ ፍርድ ቤት ለባለጉዳዩ በማይመች ሕንፃ ውስጥ ተደብቆ፣ ባለጉዳዮቹ በተወካይ ተተክተው፣ አንደኛው ወገን ማለትም ተበዳዩ ጭራሹን በመንግሥት ተተክቶ የሚካሄድ አሰልቺ ሥራ ነው አሉ። ተበዳዩ ሁለት ጊዜ ይሸነፋል፤ አንደኛ በበደሉ፣ ሁለተኛ በገዛ ጉዳዩ ላይ የመናገር መብቱን በመነጠቁ። ግጭት ሰዎች የሚማሩበት፣ ስለ ትክክልና ስለ ስሕተት የሚከራከሩበት ውድ ሀብት ነው፤ ሀብቱን የወሰዱት ደግሞ የሕግ ባለሙያዎች ናቸው። ሌቦች አሏቸው፤ ሙያቸው የሰውን ጠብ መስረቅ ነው። አንድ ቀን የምመረቅበትን ሙያ እንዲህ ሲጠሩት አንብቤ፣ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎም ትንሽ ተቀየምኩ።

ቅያሜዬን ያበረደልኝ ለተግባር ልምምድ (ኤክስተርንሽፕ) በተመደብኩበት የወረዳ ፍርድ ቤት ያየሁት አንድ ችሎት ነው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ሴቶች በውሃ ማጠራቀሚያ ተጣልተው አንደኛዋ በድንጋይ ተፈንክታለች። የግል ተበዳይዋ የዐቃቤ ሕግ አንደኛ ምስክር ሆና ቀረበች፤ በነጠላዋ ሥር ግንባሯ ላይ ጠባሳው ይታያል። በየትኛው እጇ ነው የወረወረችው? ከስንት ሜትር ርቀት? ከቀኑ ስንት ሰዓት ላይ? ሴትየዋ ለሦስቱም መለሰችና፣ ወደ ተከሳሿ ዞር ብላ፣ «ልጇን ክርስትና ያነሣሁት እኮ እኔ ነኝ፤ እሷ እንዲህ ታደርገኛለች ብዬ…» ብላ ስትጀምር፣ ዳኛው በትሕትና፣ «የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ» አሏት። ዳኛው ሕጉን ነው የፈጸሙት፤ ክርስትና ማንሣት የወንጀሉ ፍሬ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ለእርሷ ነገሩ ሁሉ እርሱ ነበር። ተከሳሿ ዐረፍተ ነገሩ ሲጀመር አንገቷን እንደ ደፋች ያየሁት፣ ከጸሐፊዋ አጠገብ ስለተቀመጥኩ ነው። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን ቀኝ እጅ፣ ሁለት ሜትር ገደማ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት የሚል ነው።

ክሪስቲ በዚህ ፈንታ ያቀረቡት ፍርድ ቤት ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ሕግ መጣሱ ይጣራል፤ ይህ የማይታለፍ ነው። ከዚያ ቅጣት ሳይሆን የተበዳዩ ሁኔታ በዝርዝር ይሰማል፤ ለእርሱ በደለኛው ምን ያድርግለት፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ቀጥሎ መንግሥት። ቅጣት የሚታሰበው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ እሱም ካስፈለገ ብቻ ነው። በመጨረሻ ደግሞ በደለኛው ራሱ ምን እንደሚያስፈልገው ይጠየቃል፤ ይህ የሚሆነው ከፍርዱ በኋላ ስለሆነ ችግሩ ለቅጣት ማቅለያም ማክበጃም አይውልም። ኖርዌይ ይህን ሙሉ በሙሉ አልተቀበለችም። ነገር ግን በ1981 ሊየር በተባለች ማዘጋጃ ቤት ለወጣት ጥፋተኞች የሽምግልና ጉባኤ ተሞከረ፤ በ1991 ሕግ ወጣለት፤ ከ1994 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ የሚሸመግሉት ተራ ሰዎች ናቸው፤ ጠበቃ የሚከራከርበት መድረክም አይደለም። አንድ ምሁር በሕይወት ሳለ ሐሳቡ ቢሮና በጀት ሲያገኝ ማየት የብዙዎች ዕድል አይደለም።

ከዚህ በኋላ ያሉትን መጻሕፍት የሚያያይዛቸው ክር ሥቃይ ነው። በ1981 ባሳተሙት ሥራ ቅጣትን በሌላ ስም አንጥራው አሉ፤ ሆን ተብሎ ለሰው የሚታደል ሥቃይ ነው፣ ስለዚህ ጥያቄው ምን ያህሉን ለማደል ፈቃደኞች ነን የሚለው ነው። በ1993 ደግሞ የወንጀል ቁጥጥር እንደ ማንኛውም ኢንዱስትሪ ሆኗል ሲሉ አስጠነቀቁ፤ ይህ ኢንዱስትሪ ከሌሎቹ የሚለየው ጥሬ ዕቃ የማያልቅበት በመሆኑ ነው፣ ወንጀል ተብሎ ሊሰየም የሚችል ድርጊት መጨረሻ የለውምና። ያኔ የአሜሪካ እስረኞች ቁጥር ገና ሽቅብ እየወጣ ነበር። በ2000ዎቹ ከ2 ሚሊዮን አለፈ፤ ከ100,000 ነዋሪ ከ700 በላይ ማለት ነው። በዚያው ጊዜ ኖርዌይ ከ60 እስከ 70 ባለው ላይ ነበረች። አሜሪካውያን ከኖርዌያውያን አሥር እጥፍ ክፉ ስለሆኑ ነው የሚል ካለ፣ ክሪስቲ ፊንላንድን ያሳዩት ነበር፤ በ1950ዎቹ ከ100,000 ሰው ወደ 200 የሚጠጋውን ታስር የነበረችው ፊንላንድ፣ አውቃ፣ አስባበት፣ በ1990ዎቹ ከጎረቤቶቿ ጋር እኩል ዝቅ አደረገችው። ለክሪስቲ የእስረኛ ቁጥር የወንጀል መለኪያ ሳይሆን የአንድ ማኅበረሰብ ምርጫ ነው።

ኖርዌይስ ቁጥሩን እንዴት ዝቅ አድርጋ ያዘች? ከሰጧቸው መልሶች አንዱ በየዓመቱ በበረዶው ወራት ስፖቲንድ በሚባል የተራራ ሆቴል ይደረግ ስለነበረ ስብሰባ ነው። ዳኛው፣ ፖሊሱ፣ የእስር ቤት ኃላፊው፣ የምክር ቤት አባሉ፣ ጋዜጠኛው፣ በፈቃድ የወጡ እስረኞችም ጭምር አንድ ጣራ ሥር ሰንብተው ይወያዩ፣ አብረውም ይበሉ ነበር። ከእስረኛ ጋር ቁርስ የበላ ሹም በማግሥቱ ስለ እስረኞች በጋዜጣ ሲናገር ቃላቱን ይመርጣል። የሰሜኑ ካምፕ ፎቶግራፍ በሌላ መልክ መጣ ማለት ነው። አንባቢ ግን ኖርዌይ 5 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት አገር መሆኗን ማስታወስ አለበት፤ ሁሉን በአንድ ሆቴል መሰብሰብ የሚቻለው ለሁሉም አገር አይደለም።

አጻጻፋቸው ከዚሁ አስተሳሰብ የተለየ አልነበረም። የሚወዷቸውን አክስቶቻቸውን እያሰብኩ እጽፋለሁ ይሉ ነበር፤ አክስቴ ያልገባት ዐረፍተ ነገር ለእኔም አልገባኝም ማለት ነው። ስለዚህ ዐረፍተ ነገራቸው አጫጭር፣ ቃላቸው የቤት ቃል ነው። የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ማንም እንዳይገባው ሆኖ በሚጻፍባት አገራችን ይህ ምክር በየትምህርት ክፍሉ በር ላይ ቢለጠፍ ቅር አይለኝም።

ከክሪስቲ ጋር የምጣላው ግን በሌላ ነገር ነው። የአሩሻውን መንደር ሲያደንቁ ሳነብ፣ በዚያ ክብ ውስጥ ስለተቀመጠችው ሴት አስባለሁ። ስለተለበሰው ልብስ ስትጠየቅ ዘመዶቿ በዙሪያዋ ናቸው፤ ታድያ እነርሱ የሚናገሩት ስለ እርሷ ነው ወይስ ስለ ቤተሰቡ ክብር? በእኛ አገር ሽምግልና ደም አድርቋል፤ ትውልድ የሚበላ ቂም በአንድ ቀን ጉባኤ፣ በካሳና በመሐላ አብርዷል። በዚያው ሽምግልና ደግሞ የተጠለፈች ልጅ ለጠላፊዋ ተድራለች። የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ራሱ ጠላፊው ካገባት ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር፤ ያ መውጫ የተዘጋው በ2004 በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። ለውጡን ያመጡት የሴቶች መብት ተሟጋቾችና የሕግ ባለሙያዎች እንጂ ሽማግሌዎች አይደሉም።

ክሪስቲ ይህን አያውቁም ማለት ግን ሐሰት ነው። በ1986 ማኅበረሰቡ ማንን በቀላሉ ተበዳይ ብሎ እንደሚቀበል ጽፈዋል። የታመመች እኅቷን አስታምማ በጠራራ ፀሐይ ወደ ቤቷ የምትመለስ ደካማ አሮጊት፣ በማታውቀው ግዙፍ ሰው ተመትታ ቦርሳዋን ስትነጠቅ፣ ማንም አይጠራጠራትም። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ባሏ የምትደበደብ ሴት ግን ያን ስም እንድታገኝ ረጅም ትግል ጠይቋል። ይህን የጻፈ ሰው መንደር ሁሉንም እኩል እንደማይሰማ ጠንቅቆ ያውቃል። እኔን የሚያስገርመኝ ሁለቱን ጽሑፎች ፊት ለፊት አገናኝተው አለማከራከራቸው ነው።

በ2021 የኦሮሚያ ክልል ባህላዊ ፍርድ ቤቶችን በሕግ የሚያቋቁም አዋጅ ቁጥር 240 አውጥቷል፤ ይግባኝ የሚሰማ ደረጃም አላቸው። ክሪስቲ በዚህ የሚደሰቱ ቢሆንም ወዲያው የሚያሠጋቸው ነገር ይኖር ነበር፤ ተራ ሰው ለረጅም ጊዜ ከፈረደ እርሱም ባለሙያ ይሆናል፣ ባለሙያ ደግሞ በእርሳቸው አነጋገር ለተራ ሰዎች ጉባኤ ካንሰር ነው። የእኔ ሥጋት ከዚህ ይለያል። ክቡ ሲሠራ ማን በመሐል ተቀመጠ፣ ማን ከኋላ ቆመ፣ ማን ሳይጠራ ቀረ የሚለውን ነገሬ ብሎ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በአጎቶቿ መሐል ቆማ «ተስማምቻለሁ» ስትል፣ እሺታዋን ማን እንዳስገኘው የሚጠይቅ አንድ የሕግ ሰው ከክቡ ዳር ቢቀመጥ እመርጣለሁ፤ ሌባ ቢሉትም ይበሉት።